ቫንጋርድ ታርጌት ሪታየርመንት 2045፦ 11 ዓመት ይዤው ያየሁት

ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲ ቴክኒሽያን ነኝ። ቀኑን ሙሉ ክኒን እቆጥራለሁ፣ ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ እከራከራለሁ። ስለ አክሲዮን ገበያ በትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር የለም። ግን ከ2014 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከደሞዜ እየተቆረጠ የሚገባበት አንድ ፈንድ አለ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ ሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ የሚገዛ ማለት ነው። ቫንጋርድ የሚባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው፣ ስሙ ቫንጋርድ ታርጌት ሪታየርመንት 2045 ይባላል። ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ "አንቺ ገንዘብሽን የት ነው የምታስቀምጪው?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሁሌም በችኮላ ነው የምመልሰው። ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። ፈንዱን እኔ አልመረጥኩትም። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ሲሞላኝ የ401ኬ (በአሰሪ በኩል ከደሞዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጡረታ አካውንት) ወረቀት መጣልኝ። ሃያ ምናምን ስም ተደርድሮበታል። አንዱንም አላውቀውም። የሰው ኃይል ክፍሏን "ምንም ሳልመርጥ ብቀርስ?" አልኳት። "የትውልድ ዓመትሽን አይቶ 2045 ውስጥ ያስገባሻል" አለችኝ። የተወለድኩት 1981 ነው። 2045 ላይ 64 ይሆነኛል። በቃ፣ እንደዚያው ቀረ።

ብዙዎቻችሁም ሳታውቁት እንዲህ አይነት ፈንድ ውስጥ ልትኖሩ ትችላላችሁ። በ2006 የወጣው የአሜሪካ የጡረታ ህግ ለአሰሪዎች መንገድ ከፍቷል። ሰራተኛው ካልመረጠ አሰሪው በዕድሜው ልክ የተሰፋ ፈንድ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። የ401ኬ ደብዳቤያችሁን አውጥታችሁ እዩ። ከስሙ መጨረሻ 2035፣ 2040፣ 2050 የሚል ዓመት ካለበት እሱ ነው።

ውስጡ ምን አለ? የኔው አራት ትልልቅ ፈንዶችን ይይዛል። አንዱ የአሜሪካን አክሲዮን በሙሉ የያዘ ነው። ሁለተኛው የሌላውን ዓለም አክሲዮን። ሦስተኛውና አራተኛው የአሜሪካና የሌላው ዓለም ቦንድ ናቸው። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ የተሰጠ ብድር ነው፣ በወለድ ይመለሳል። ሁሉንም ስትደምሩት ከ10 ሺህ በላይ ኩባንያ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ድርሻ አለኝ ማለት ነው። ከነዚያ አንዱ ነገ ቢከስር እኔ ሳልሰማው ያልፋል።

ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ የኤንሮንን ታሪክ ሳነብ ነው። ሂዩስተን የነበረው ያ የኢነርጂ ኩባንያ በዲሴምበር 2001 ከሰረ። የሰራተኞቹ 401ኬ ከግማሽ በላይ የተቀመጠው በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ነበር። ሥራቸውም ጡረታቸውም አብሮ ሄደ። ደሞዝ የሚከፍላችሁ ኩባንያ አክሲዮን ቢሰጣችሁ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ደሞዛችሁ ራሱ ከዚያ ቤት ነው የሚመጣው። ጡረታችሁንም እዚያው አታስቀምጡ።

ሌላው ሥራው ዕድሜን መከተል ነው። የጡረታው ዓመት ገና 25 ዓመት እና ከዚያ በላይ ሲቀረው ከመቶው 90 ያህሉ አክሲዮን ነው። ከዚያ በየዓመቱ አክሲዮኑን እየቀነሰ ቦንዱን ይጨምራል። 2045 ሲደርስ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ከሰባት ዓመት በኋላ አክሲዮኑ 30 በመቶ ላይ ይቆማል። የኔ አሁን ከመቶው 80 ምናምኑ አክሲዮን ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እኔን ሳይጠይቅ ነው። እኔ ፈረቃ ላይ ሆኜ፣ ልጅ ሳደርስ፣ ተኝቼ።

እስከ 2020 ድረስ ሁሉም ነገር ጥሩ መሰለኝ። ከዚያ ያ ማርች መጣ።

ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው፣ የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ የሚከታተለው መለኪያ ከፌብሯሪ 19 እስከ ማርች 23 ባለው ጊዜ 34 በመቶ ያህል ወረደ። ማርች 16 ብቻ በአንድ ቀን 12 በመቶ ገደማ ነበር የወደቀው። የኔ አካውንት ከ31 ሺህ ዶላር ወደ 22 ሺህ ወረደ። ስድስት ዓመት ከእያንዳንዷ ደሞዝ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ፋርማሲው ውስጥ ማስክ የለም፣ ሰው ይጮኻል፣ እኔ ቤት ስገባ ልብሴን በር ላይ አውልቄ ነው ልጄን የማቅፈው። ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ "ሁሉንም ወደ ጥሬ ገንዘብ ቀይር" የሚለው ቦታ ላይ ደረስኩ። መጫን ብቻ ነው የቀረኝ።

ባለቤቴ ዲሲ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነበር የሚሠራው። በዚያ ሳምንት መኪና የሚባል ስለጠፋ ሰዓቱን ቆርጠውበታል። ሲገባ ፊቴን አይቶ "ምን ሆንሽ?" አለኝ። አሳየሁት። ቆሞ አየና አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ይሄን ገንዘብ የምንፈልገው ለየትኛው ወር ነው?"

ዝም አልኩ። ለየትኛውም ወር አልነበረም። ለ2045 ነው።

ይህን ለማለት የቻልነው ግን ጀግና ስለሆንን አይደለም። ጃንዋሪ ላይ እቁብ ወጥቶልን ነበር። አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር። 12 ሺህ ዶላር ሴቪንግ ውስጥ ተቀምጧል። ለሌላ ነገር አስበነው ገና አልነካነውም። ኪራያችን 1,750 ዶላር ነበር። ባለቤቴ ሙሉ በሙሉ ቢባረር እንኳ የወራት ኪራይ በእጃችን ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

በኦገስት 18 ያ መለኪያ ወድቆበት ከነበረው ጫፍ በላይ ተመልሶ ነበር። እኔ ያወቅሁት ግን አዲስ ዓመትን ካከበርን በኋላ ነው፣ ምክንያቱም አካውንቱን መክፈት አቁሜ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወንድም በዚያው ሳምንት ሸጧል። እሱም እዚያው 2045 ውስጥ ነበር፣ ያው ፈንድ፣ ያው ክፍያ። "ሲረጋጋ እመለሳለሁ" አለ። የተመለሰው ኖቬምበር ላይ ነው፣ ዋጋው ከሸጠበት በጣም ከፍ ብሎ። ሰዎች "ፈራ" ይሉታል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ሚስቱ ከሆቴል ሥራዋ ወጥታለች። ባንክ ውስጥ የሁለት ሳምንት ገንዘብ እንኳ አልነበራቸውም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እሸጥ ነበር።

ለዚህ ነው ፈንዱን ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ሴቪንጉ የምጠይቀው። ፈንዱ ከአንድ ኩባንያ ውድቀት ያድናችኋል። ከራሳችሁ ምርጫም ያድናችኋል። ገበያው በሙሉ ሲወርድ ግን አብሮ ይወርዳል። በ2008 እንኳን ይኸው ፈንድ ከሲሶ በላይ ወርዷል። ያንን የሚያሻግራችሁ ሌላ ቦታ የተቀመጠ የኪራይና የአስቤዛ ገንዘብ ነው። እኛ ከዚያ ወዲህ የስድስት ወር ወጪ ለብቻው እናስቀምጣለን። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የምንፈልገው ገንዘብ፣ ለምሳሌ የቤት ቅድመ ክፍያ፣ አክሲዮን የሚባል ነገር ውስጥ አይገባም።

እኔ ራሴ ከዚህ ወጣ ብዬ የተጎዳሁበት ጊዜ አለ። 2021 ላይ ክትባት እየወጋን ብዙ ኦቨርታይም ሠራሁ። በዚያን ጊዜ ፋርማሲው ውስጥ ወሬው ሁሉ የአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ አክሲዮን ነበር። እጥፍ ያተረፈ ሰው በስልኩ እያሳየኝ "እስከ መቼ ትጠብቂያለሽ?" አለኝ። በአንድ አፕ ላይ አካውንት ከፍቼ 4,200 ዶላር አስገባሁ። በ2022 መጨረሻ 700 ዶላር ቀርቶኝ ነበር። አንድ ነገር አስሉ። ከ4,200 ወደ 700 የወረደ ነገር ወደ ቦታው ለመመለስ ስድስት እጥፍ ማደግ አለበት። በ50 በመቶ የወረደ በእጥፍ፣ በ80 በመቶ የወረደ በአምስት እጥፍ። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አለመግባት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሸጥኩት። ከዚያ ነገር ያገኘሁት አንድ ጥቅም ታክስ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ኪሳራ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ከገቢ ላይ ይቀነሳል፣ የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እኔ በዚያ ዓመት 3,000፣ በሚቀጥለው 500 አስቀነስኩ። ይህ የሚሠራው በተራ አካውንት ነው እንጂ በ401ኬ ውስጥ አይደለም። ኪሳራችሁን ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ንገሩት። ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል፣ ገንዘቡ ግን የራሳችሁ ነው።

በዚያው 2022 ፈንዱም ወርዷል፣ 17 በመቶ ያህል። ቅር ያለኝ ጊዜ እሱ ነው። "አክሲዮን ሲወርድ ቦንዱ ይደግፋል" ብዬ ነበር የማስበው። በዚያ ዓመት ግን ወለድ በፍጥነት ስለተጨመረ የአሜሪካ ቦንድ ራሱ 13 በመቶ ገደማ ወረደ። አዲስ ብድር ብዙ ወለድ ሲከፍል አሮጌውን ቦንድ በቀድሞ ዋጋው የሚገዛ የለም። ቦንድ ድንጋጤውን ያለዝባል እንጂ ከመውደቅ አይጠብቅም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። በ2023 ፈንዱ 19 በመቶ ያህል ተመለሰ። ልብ በሉ፣ 17 ወርዶ 19 መውጣት ኪሳራውን ሙሉ ለሙሉ አይመልስም፣ ትንሽ ይጎድላል። የኔ አካውንት ግን ከድሮው በላይ ነበር፣ በርካሽ ሳምንታትም ሳላቋርጥ ስለገዛሁ። በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው ገንዘብ ዋጋ አይጠይቅም፣ ዜና አይሰማም።

ፈንዱ በየዓመቱ ከገንዘባችን ወደሚወስደው ክፍያ ልምጣ፣ ምክንያቱም የምወደው እሱን ነው። ይህን ስጽፍ በዓመት 0.08 በመቶ ነው። ለ10 ሺህ ዶላር 8 ዶላር ማለት ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ መጨረሻቸው ላይ ያው 2045 ያለባቸው የሌሎች ድርጅቶች ፈንዶች አሉ። አንዳንዱ 0.75 ይጠይቃል። 100 ሺህ ዶላር ላይ አንዱ 80 ዶላር፣ ሌላው 750 ዶላር ይወስዳል። በየዓመቱ፣ ብትከስሩም ብታተርፉም። ገበያው ነገ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ክፍያው ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እባካችሁ እሱን አንብቡ።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮችም አሉ። ፈንዱን ከጡረታ አካውንት ውጭ፣ በተራ አካውንት መያዝን አልመክርም። በ2021 ብዙ ትልልቅ ደንበኞች ክፍያው ወደሚቀንስ ሌላ የቫንጋርድ ፈንድ ተዛወሩ። ለነሱ ለመክፈል ፈንዱ ብዙ አክሲዮን ሸጠ፣ ትርፉም ለቀሩት ተከፋፈለ። በተራ አካውንት የያዙት ያላሰቡት ታክስ መጣባቸው። ቫንጋርድ በጃንዋሪ 2025 ከአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪው ጋር ተስማምቶ ከ106 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ወሰነ። በ401ኬ እና በአይ አር ኤ (ሰው ራሱ የሚከፍተው የጡረታ አካውንት) ውስጥ ለነበርነው ያ ታክስ አልነካንም።

ደግሞ ሦስት ፈንድ የሚቀላቅሉ አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 2040፣ 2045 እና 2050ን እኩል እኩል ገዛች። "እንቁላሉን በየቅርጫቱ በተንኩ" አለችኝ። የሦስቱም ቅርጫት እንቁላል ያው ነው። አንዱ በቂ ነው።

ዓመቱም ቢሆን ትዕዛዝ አይደለም። መውደቅ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ቀረብ ያለ ዓመት ምረጡ፣ አክሲዮኑ ያንሳል። እህቴ እኩያዬ ናት ማለት ይቻላል፣ ግን 2035 ነው የያዘችው። ባሏ የለም፣ ሦስት ልጅ ለብቻዋ ታሳድጋለች። ልክ ናት።

ሙስሊም ወገኖቼ ጠይቀውኛል። ይህ ፈንድ ቦንድ አለው፣ ባንክም አለው። ወለድን ለሚጠነቀቅ ሰው አይሆንም። አማና የሚባሉ በእስልምና መርህ የሚሠሩ ፈንዶች አሉ። ክፍያቸው ከዚህኛው ከፍ ይላል። 401ኬያችሁ ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ፣ ግን አይ አር ኤ ከፍቶ መግዛት ይቻላል።

ስለ ዋስትና የሚነገረውም ይጥራ። ሲፒክ የሚባለው ዋስትና ለተራ የአክሲዮን አካውንት እስከ 500 ሺህ ዶላር ይሸፍናል ሲባል ሰው ኪሳራ የሚሸፍን ይመስለዋል። አይደለም። የሚሸፍነው አካውንታችሁን የያዘው ደላላ ድርጅት ቢፈርስና ንብረታችሁ ቢጠፋ ነው። ዋጋ ሲወርድ የሚከፍላችሁ ማንም የለም።

ባለፈው ዓመት አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ሰውየው ኮቱን አሳምሮ ለብሶ "በወር 5 በመቶ ትርፍ" አለን። የትሬዲንግ ትምህርቱ 1,500 ዶላር ነው። አጠገቤ የነበሩት እናት ልጃቸው ከላከላቸው ገንዘብ ሊከፍሉ ቦርሳቸውን ከፈቱ። እማማ፣ ትንሽ ይቆዩ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። በወር 5 በመቶ በዓመት ሲደራረብ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ያንን በእርግጠኝነት የሚያገኝ ሰው የእማማን 1,500 ዶላር ለምን ይፈልጋል? ወጣን። መኪና ውስጥ ሆነን ስለ ልጃቸው አወሩኝ። አሁንም ይደውሉልኛል።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚጠይቀኝ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። ኢትዮ ቴሌኮምም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር ሸጧል። "ላኪልኝና በስሜ ልግዛ" ይለኛል። ደስ ብሎኛል፣ አገሬ ገበያ ሲኖራት ማየት እፈልጋለሁ። ግን አንድ ባንክ አንድ ባንክ ነው። ብሩም አለ፤ በጁላይ 2024 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የተወሰነ ላክሁለት፣ ቢጠፋ ቤታችንን የማያናጋውን ያህል። የኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ እንዳይነካ አስማልኩት።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በ2022ቱ ቦንድ አይደለም፣ እሱ የገበያው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ በሰው ቋንቋ የሚያስረዳ ወረቀት አብሮት ስለማይመጣ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ አገር ሠርታ ቢሆን ኖሮ ያንን ደብዳቤ ማን ያነብላት ነበር?

ልጄ አሁን 17 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አይስክሬም ቤት ሠርታ 2,300 ዶላር አገኘች። ከዚያ ላይ በ1,000 ዶላሩ ሮዝ (Roth) አይ አር ኤ፣ ማለትም ታክሱ አስቀድሞ የሚከፈልበት የጡረታ አካውንት ከፈትንላት። ከሠሩት በላይ ማስገባት አይቻልም፣ ከሠሩት ውስጥ ግን ይቻላል። የመረጠችው 2070ን ነው። ቅጹን እሷ ሞላችው፣ ገና ለአካለ መጠን ስላልደረሰች እኔ ፈረምኩላት። የቀረውን 1,300 ዶላር ሴቪንጓ ውስጥ አስገባን።